የአባዬ ድምፅ የነበረበት ሰርቨር

በአዲሱ ሕግ ኢንተርኔት የሚያከፋፍል ሰው ሰርቨሩ ላይ ለተጫነው ሁሉ ይጠየቃል። ለሰፈራችን የምታከፋፍለው እማዬ ናት።

የመንግሥት ተቆጣጣሪ ጫማውን ሳይጠርግ ቤታችን ገባና፣ "ሰርቨራችሁ ላይ በተጫነው የእትዬ ብርዛፍ የለቅሶ ቪዲዮ ላይ አልቃሿ ሹሞችን በግጥም ወርፋለች" አለ።

"ጋሼ፣ ታዲያ አልቃሽ ማንን ትውረፍ? ሟቿን?" አልኩት።

"ዝም በይ አንቺ! ሁሉም ይሰረዛል።"

እማዬ ለመነችው፤ "የባለቤቴ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው። ከሞተ ወዲህ ሌላ የለኝም፤ እሱን ብቻ ይተዉልኝ።"

"ለይቶ ለመተው ቅጽ የለንም፣ እህቴ።"

ቅጽ! ጀግናው የሞተ ሰው ገድሎ፣ ፈርሞ ወጣ።

ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ እዚያ የተቀዳው የአባዬ "ተነሽ፣ አንቺ እንቅልፋም!" ነበር። በማግስቱ እማዬ ድምፅዋን አወፍራ እንደሱ አለችኝ። ምኑም አይመስልም። ግን እንድትደግመው ዓይኔን ጨፍኜ ቀረሁ።