የተጣበቁት ፎቶዎች

የቤተ መዛግብቱ ሠራተኛ የቢላዋውን ጫፍ ከሁለት ፎቶዎች መሃል አስገብቶ ትንፋሹን ይዟል። እኔም ይዣለሁ። እንደ ልቧ የምትተነፍሰው ከኋላችን አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እማዬ ብቻ ናት።

«አገኛችሁት?» ትላለች።

«የሠራተኛ ቁጥሩን አግኝተነዋል፣ እናቴ» ይላል ሰውዬው። «ፎቶው ግን ከጓደኞቹ ጋር ተጣብቋል።»

«ድሮም ከጓደኞቹ አይላቀቅም ነበር።»

አባቴ እኔ ሳልወለድ የሞተ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ቤት የነበረችው አንዲት ፎቶው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ከቤቱ ጋር ተቃጥላለች። ፋብሪካው ሲዘጋ የሠራተኞቹ የመታወቂያ ፎቶ እዚህ መምጣቱን የሰማነው ደግሞ የእማዬ ዓይን ከጠፋ በኋላ ነው። ዕድላችን እንዲህ ነው። እሷ ግን «የኔ ዓይን ባያየው ያንቺ ይየው፤ ልጁ መልኩን ሳታውቅ አልሞትም» ብላ እየጎተተች አመጣችኝ።

ሰውዬው ቢላዋውን በቀስታ ይገፋል። ጣራው ያፈሰሰ ጊዜ ፎቶዎቹን ከውሃ ያወጣቸው እሱ ነው። ሲደርቁ እንዳይጣመሙ ብሎ እርጥብ እንዳሉ ደራረባቸውና ብሎኬት ጫነባቸው።

«ለደግ ብዬ ነበር፣ እህቴ» ይለኛል ቀና ሳይል።

አንድ ነገር ልናገረው አምሮኝ ነበር። ነገር ግን ከኔ በፊት ራሱን ሰድቦ የጨረሰ ሰው ይመስላል፤ ተውኩት።

ቢላዋው ያልፋል፤ የላይኛው ፎቶ ይነሳል። ከሥሩ የአባቴ ቁጥር አለ። የኮቱ ትከሻም አለ። ከደረቱ መሃል ጀምሮ ወደ ላይ ነጭ ወረቀት ነው። ፊቱ ተልጦ ከላዩ በነበረው ፎቶ ጀርባ ላይ ቀርቷል፤ ምን እንደሚመስል እንኳን አይለይም። ሠራተኛው በጣቱ ጫፍ ነካ ሲያደርገው እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም ተፈርፍሮ ጠረጴዛው ላይ ይበተናል።

ሰውዬው ቢላዋውን ያስቀምጣል።

«ልጄ፣ ወጣ?»

«ወጣ፣ እማዬ።» አፌ ቀደመኝ።

«በይ ንገሪኝ። ግንባሩስ?»

ያደግኩት «ቁርጥ አባትሽን» እየተባልኩ ነው። ነጩን ወረቀት ይዤ የራሴን ፊት እነግራታለሁ።

«ሰፊ ነው።»

«ነው። ቅንድቡስ?»

«ወፍራም። መሃል ላይ ሊገጥም ምንም አልቀረው።»

«እሱ ነው። አፍንጫውስ?»

«ቀጥ ያለ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ ደፍጠጥ ያለ።»

ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ። ሠራተኛው ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሯል። ሳቋ ልብ ይሰጠኝና ሳልጠየቅ እቀጥላለሁ።

«አገጩም እንደኔው ነው፣ እማዬ። መሃሉ ላይ ስርጉድ አለችው።»

ሳቋ ይቆማል።

«አገጩ ይታያል?»

«ይታያል።»

ሻርፗን ከትከሻዋ ላይ ታነሳለች፤ መልሳ ታደርገዋለች።

«ጺሙ ደረቱ ድረስ ነበር» ትላለች በመጨረሻ። «ካወቅኩት ጀምሮ እስከቀበርኩት ድረስ ተላጭቶ አያውቅም። አገጩን እኔም አይቼው አላውቅ።»

ስለ ጺሙ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እሷ በእጇ እየዳበሰች በትሯን ትፈልጋለች።

«የሌላ ሰው ነው፣ ልጄ። ቁጥሩን ተሳስተው ነው። መልሺላቸው።»

ሰውዬው ያየኛል። ወረቀቱን እዘረጋለታለሁ። ተቀብሎ ከሌሎቹ ላይ ይደርበዋል፣ ዳር ዳሩን ያስተካክላል፣ ከዚያ ልማድ ሆኖበት በመዳፉ ጫን ያደርገዋል።