ስምንት ወር የጠበቀ በር

"…ሃ ሃ፣ ኧረ ቆዩ፣ ዋናው ገና ከኋላ ነው" አለ ከተሰለፉት አንዱ ሃፍታይ፣ እንባውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። "ወኪሉ ዕቃው መርከብ ላይ ነው አለኝ። ባለፈው ወርም መርከብ ላይ ነበር ብለው፣ 'ትልቅ መርከብ ነው' አይለኝ መሰላችሁ?"

የመኪናው ወኪል በር ላይ የተሰለፈው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳሊህ ብቻ አልሳቀም። ኪሱ ውስጥ ያለችው ደብዳቤ ደረቱን እየቆረቆረችው ነበር።

ደብዳቤዋ በመስከረም ነው የመጣችው። የሳሊህ መኪና በተሠራችበት ዓመት የወጡ ሚኒቫኖች የጎን በር መቆለፊያ ጉድለት አለበት፣ እየሄደ ሊከፈት ይችላል፣ በነጻ ይቀየራል፤ እስኪቀየር ግን ከኋላ ሰው አይጫን ትላለች። እናላችሁ መስከረም አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ጾሙም ገባ። ሳሊህ በየሳምንቱ ይሄዳል፣ በየሳምንቱ "ነገ" ይሉታል።

ሳሊህ ደግሞ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ሱቅ አለው፣ መኪናዋ ከቆመች ሱቁም ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ የጨርቅ ጥቅል ከሚታሰርበት አረንጓዴ የናይለን ገመድ ቆረጠና የበሩን እጀታ ከወንበሩ እግር ጋር ማሰር ጀመረ። ሰው ግን አልጭንም ብሎ ለሚስቱ ለኡሙሀኒ ማለላት።

ማለ እንግዲህ። የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ኣደይ ለተኪዳን ከገበያ ዳር ቆመው አያቸው፤ በአንድ እጃቸው ዘንቢል፣ በብብታቸው አውራ ዶሮ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ኣደይ ለተኪዳን ጎረቤቱ ናቸው፤ 'ኣደይ' እናቴ ማለት ነው። ከወሎ አንድ ጆንያ ይዞ ሲመጣ ክፍል የሰጡት እሳቸው፣ ኡሙሀኒን ያረሷት እሳቸው። እንዴት አልፏቸው ይሂድ?

የፊቱ ወንበር ጨርቅ ሞልቶበታል። ከኋላ አስቀመጣቸው፣ በሩን ዘጋ፣ መሪው ጋ ገብቶ በዚያ ቦርጩ እየተጠማዘዘ ገመዱን ቋጠረ።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው ወደይ፣ ልጄ?" አሉ ኣደይ።

አፈረ። ደብዳቤዋን ፊት ለፊቱ መስታወቱ ስር አያት፤ ገለበጣት።

"ዝም ብሎ ነው ኣደይ።"

መንገድ ላይ ዶሮው ሲራገጥ፣ ሲንጫጫ፣ ክንፉን ሲያርገበግብ ነበር። ኣደይ ይቆጡታል፣ ሳሊህ ይስቃል። ቆይቶ ዶሮው ጸጥ አለ።

ሓወልቲ ጋ ሲታጠፍ በሩ ሿ ብሎ ተከፈተ።

ሳሊህ መኪናዋን አቁሞ ሮጦ ሲደርስ ኣደይ አስፋልቱ ላይ ወድቀዋል፣ ዘንቢሉ ተበትኗል። ዶሮው እንኳ አልሸሸም፤ ባለበት ተጋድሞ ይጮሃል። ሰው ተሰበሰበ፣ አንዷ ዶሮውንም ዘንቢሉንም አነሳች፣ እሳቸውን ሐኪም ቤት አደረሷቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ማታ ቤቱ ሲገባ የመኪናዋን በር መረመረ። እጀታው ላይ ቋጠሮ የለም፣ ወንበሩ እግር ላይም የለም። ገመድ ሲበጠስ ቋጠሮው ይቀር የለ? ስለዚህ በደንብ አላሰርኩትም ማለት ነው አለ። ማሰሩንም አልቻልኩበት።

ማክሰኞ ወኪሉ ደወለ። ዕቃው ገባ። መካኒኩ እያፏጨ አስር ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ስምንት ወር የጠበቀው በር ክርችም ብሎ ሲዘጋ፣ ሳሊህ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

በየቀኑ ወተትና ብርቱካን ይዞ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ኣደይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ልጃቸው ዮሃና ቢሮ የምትሠራ፣ አማርኛ ደብዳቤ እንደ ውሃ የምታነብ ናት።

"እናቴ እንቅልፍ የላትም" አለችው ኮሪደር ላይ። "የሆነ ነገር ከብዷታል፣ ለእኔም አትነግረኝም።"

ደብዳቤዋን አይተዋታል፣ አለ በልቡ። ሊከሱኝ ነው፤ እንዲያውም ሊከሱኝ ሳይሆን ሊጠሉኝ ነው።

ቤታቸው ከተመለሱ በኋላም ያው ነው። እሱ ሲገባ ኣደይ በዓይናቸው ይጠቅሳሉ፣ ዮሃና ብድግ ትልና ያንን አውራ ዶሮ አንጠልጥላ ጓዳ ትከትታለች። ፋሲካ አልፎ ዶሮው አልታረደም። ሳሊህ መጠየቅ አልደፈረም። በኔ ምክንያት በዓል አልዋሉም አለ።

"ሂድና ንገራቸው" አለችው ኡሙሀኒ። "ቤታቸውን የሰጡህን ሴት እያየህ እስከ መቼ ብርቱካን ትልጣለህ?"

እሑድ ከሰዓት የሰፈሩን ሽማግሌ ኣይተ ኣረፋይነን ይዞ ሄደ። በዚያ ቀን ጓዳው ተቆልፎ ነበር፤ ዶሮው ከውስጥ ይጮሃል። ሳሊህ ጫማውን አውልቆ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ደብዳቤዋን ከላይ እስከ ታች አነበበ። "ከኋላ ሰው አይጫን" የምትለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ፣ ዮሃና ጨረሰችለት።

"እያወቅኩ ነው የጫንኩዎ ኣደይ" አለ። "ስምንት ወር ሙሉ እያወቅኩ። ከፈለጉ ለፖሊስ እጄን እሰጣለሁ። ከጎረቤትነትዎ ግን አያውጡኝ።"

ዮሃና እናቷን አየች።

ኣደይ ለተኪዳን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ከነጠላው ስር እንዲህ አሉ፦

"ያን ወረቀት እጠፈው ወደይ። ዶሮው አላስቀምጥ ሲለኝ፣ አንተም 'ዝም ብሎ ነው' ስላልከኝ፣ ገመድህን ፈትቼ እግሩን ያሰርኩበት እኔ ነኝ።"