የግራ እጅ መያዣ

ፕሮፌሰር አንዳርጌ የተቆረጠ አንጀት በሽቦ የሚሰፋውን ስቴፕለር ለአራተኛ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«አንገቱ ወፍራም ነው! በዚህ ጠባብ ዳሌ ውስጥ በየት በኩል ይዙር? ለመሆኑ ማነው አንቺን መሐንዲስ ያለሽ?»

መሐንዲሷ ጥርሷን ነከሰች። ሁለት ወር ሙሉ ስትሞርድ፣ ስታቀጥን፣ ስትሰደብ ነው የከረመችው። ለልኬት የሰጧት ስሙ በፕላስተር የተሸፈነ የአንድ ወንድ የዳሌ የራጅ ፊልም ብቻ ነው።

«ደግሞ መያዣውን ለግራ እጅ አዙሪው» አሏት።

ደሟ ፈላ። እሳቸው እንደሆነ በቀኝ ነው የሚሠሩት። ከሆስፒታሉ ሐኪሞች ግራኟ ዶክተር ምንትዋብ ብቻ ነበረች፤ እሷንም «በግራሽ በሽተኛ አትነኪም!» ብለው ከቀዶ ጥገና ክፍል ካባረሯት ዓመት አልፏል።

«በግራ የሚሠራ ሰው የታለና ነው? ይቀልዱብኛል እንዴ?»

«ምንትዋብ ሰኞ ትመለሳለች። ሄጄ ለምኛታለሁ።»

«እርስዎ? ለማን ብለው?»

በንዴት ፊልሙን አንስታ ፕላስተሩን ላጠችው።

አንዳርጌ ተድላ። ዕድሜ 63።

«አንብበሽ ከጨረስሽ» አሉ ፕሮፌሰሩ ስቴፕለሩን ወደ እሷ እየገፉ፣ «አንገቱን ሁለት ሚሊሜትር ቀንሺለት።»