የሚል ክሪክ ቀይ ቦሎቄ

ሚል ክሪክ በምትባል የካሮላይና መንደር ያሉ ባፕቲስቶች አንድ ጊዜ ለሁለት ተሰንጥቀዋል። ጥቁሮችን በአባልነት እንቀበል፣ አንቀበል ተባብለው ግማሹ ወጣና መንገድ ተሻግሮ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ከፈተ። እሁድ ጠዋት እናትና ልጅ አይተው እንዳላዩ ይተላለፉ ጀመር። የቀሩት በዚያ ተቃጥለው ማሉ፤ ከእንግዲህ ሁሉም ካልተስማማ አንድም ደንብ አይቀየርም።

ድምፅ የሚሰጡት በቦሎቄ ነው። ነጭ እሺ፣ ቀይ እምቢ። እጅ ብቻ የሚያስገባ ሣጥን ውስጥ እየጣሉ ለቀጣዩ ያሳልፉታል። ማን ምን እንደጣለ አይታይም።

በዚሁ ሣጥን ሴት ፓስተር አጸደቁ። አብረው የሚኖሩ ሁለት ወንዶችን ተቀበሉ። የካሮላይና ሰው ጉድ አለ። ሣጥኑ ግን ነጭ በነጭ ነበር።

የቀረው ሆይት ነው። ሕፃን ግንባር ላይ ውሃ ጠብ አድርገው አጠመቅን ከሚሉት ዘንድ ነው ያደገው። ለባፕቲስት ደግሞ መላ አካሉ ውሃ ውስጥ ያልገባ አልተጠመቀም፤ ያልተጠመቀ አባል አይደለም። ሚስቱ ሎሪን እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት። እሱ ሠላሳ ዓመት አጠገቧ ተቀምጧል፣ ጣሪያውን ጠግኗል፣ ሬሳቸውን ተሸክሟል። ሣጥኑ ሲዞር ግን ያልፈዋል።

አንዴ ሞክሯል። ነጭ ልብስ ለብሶ የመጠመቂያ ገንዳውን ደረጃ ወረደ፤ ውሃው ጉልበቱን ሲነካው ዞሮ ወጣ። ማንም አልፈረደበትም። ልጃቸውን ካሌብን ይዞ ዓሣ ሊያጠምድ ሐይቅ ሄዶ ብቻውን የተመለሰ ሰው ነው። ያኔ በቀብሩ ላይ ሎሪን በሰው ፊት እጁን ይዛ፣ "ያንተ ጥፋት አይደለም" ብላዋለች። ስለ ገንዳውም ሁሌ፣ "አንድ ትንፋሽ እኮ ነው፤ እኔ እይዝሃለሁ" ትለዋለች።

ልቡ ደከመና ሐኪሞቹ ተስፋ ቆረጡ። ሆይት የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ አባል ሆኜ ልሙት።

"በራሱ ላይ ውሃ እናፍስለት፤ ደንቡን እንቀይረው" አለች ፓስተር ጆአና።

ቦሎቄው ተጣለ። አንድ ቀይ ወጣ።

ዓይን ሁሉ ወደ ዲያቆን ተርማን ዞረ። "አናት ላይ የተንጠባጠበ እንኳን ጥምቀት፣ መታጠብም አይባል" ሲል የሰነበተው እሱ ነው።

"ነጭ ነው የጣልኩት" አለ ተርማን።

"እንግዲያው ቦሎቄው ሣጥን ውስጥ አፍሮ ቀላ በለና፣ ወንድም ተርማን" አለ አንዱ ከኋላ።

"አፌ ክፉ ነው። እጄ ግን እንደ አፌ አይደለም። ሆይት ጓደኛዬ ነው።"

ማን ይመነው? ሎሪን በሴቶቹ ተደግፋ እያለቀሰች ወጣች።

በወሩ ተደገመ። አሁንም አንድ ቀይ። ከዚያ ወዲህ ተርማን አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ሰላም ሲልም ሰው ጫማውን ያያል።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰበሰቡ ሆይት መቆም አቅቶት ነበር። ተርማን ተነሣ።

"እንቅፋቱ እኔ ከሆንኩ ይኸው ተነሣሁላችሁ። ስሜን ከአባላት መዝገብ ፋቁት።"

የተጠመቀበት፣ ሚስቱን የሸኘበት ቤት ነው። ሆይት፣ "ተርማን፣ ተው እንጂ" አለ፤ የሰማው ግን የለም። ሰውዬው ወጣ። አንዳንዱ እፎይ አለ።

ሣጥኑ ዞረ። ፓስተር ጆአና ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

አንድ ቀይ።

ሎሪን ወደ ቤት እየነዳች ነው። ሆይት ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፏል።

"ያን ሽማግሌ በከንቱ ገደልነው" አለ። "ግን ማን ነው፣ ሎሪ? ምን ብበድለው ነው?"

መኪናዋን ዳር አስይዛ ሞተሩን አጠፋች።

"ልጄ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፣ ሆይት። አንተ በደረቁ አባል ሆነህ አትገባም።"