የማክሰኞው ጉንፋን

ማክሰኞ ጠዋት ዘነበ የሱቁን የብረት በር ሳይከፍት ስልኩ ጮኸ። የደወለችው የልጁ የኤፍራታ አስተማሪ ማም ኖምሳ ነበረች።

«ኤፍራታ ትናንት ፊቷ ልክ አልነበረም» አለችው። «ጉንፋን ገብቷል። ዛሬና ነገ ቤት ትረፍ።»

«ፈተናውስ?» አለ ዘነበ ደንግጦ።

«እሱን ለእኔ ይተዉት። ሌላ ቀን ትፈተናለች።»

ዘነበ ስልኩን ሲዘጋ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፍቶ ስድስት ዓመት ሲኖር፣ ደንበኛው ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል እንጂ ስሙን እንኳ የጠየቀው የለም። ይህች ሴት ግን የልጁን ፊት አይታ፣ ተጨንቃ ደወለችለት። ከለስላሳው አንድ ሳጥን መርጦ ለእሷ ለብቻው አስቀመጠ።

ፈተናው ቀላል ነገር አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ በወላጆች ስብሰባ ላይ በግልጽ ተናግረዋል፤ የስድስተኛ ክፍል አማካይ ውጤት ዘንድሮም ከሃምሳ በታች ከሆነ ትምህርት ቤቱ «ደካማ» ተብሎ ይመዘገባል፣ እሳቸውም ከወንበራቸው ይነሣሉ። «ዘንድሮ ሰባ እናስገባለን!» ሲሉ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው ዘነበ ነው። ለዚያ ሰባ የእሱም ልጅ እንደምታዋጣ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ኤፍራታ ሆሳዕና ከተማ በሰባት ወሯ ነው የተወለደችው። ትተርፋለች ያለ ሰው አልነበረም። ዘነበ ሦስት ቀን ጾሞ ጸልዮ ስሟን ራሱ አወጣላት፤ ተረፈች። ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ በለጥሽ ወደዚህ ይዛት ስትመጣ አሥር ዓመቷ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ነው የሚላት። ይህ ሁሉ ስደት፣ ይህ ሁሉ በፍርግርግ ውስጥ ተቆልፎ ዳቦ መሸጥ ለእሷ ነው። ደብተሯን ሲያገላብጥ የጽሕፈቷ ማማር ያስገርመዋል። ቀይ እስክሪብቶ የበዛበትም ማም ኖምሳ ስለምትለፋላት ነው ባይ ነው።

«አላመመኝም እኮ» አለች ኤፍራታ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቦርሳዋን እንዳነገተች።

በለጥሽ ግንባሯን ዳበሰች። «የኤፍራታ አባት፣ ትኩሳት የላትም።»

«አስተማሪዋ ከእኛ በላይ ታውቃለች። ዶክተር፣ ግቢና ተኚ።»

በለጥሽ የጸሎት እህቶቿን በስልክ ሰበሰበች። አንድ ሰዓት ሙሉ ጸለዩላት። ሲጨርሱ በለጥሽ ግንባሯን ነካ አደረገች፤ ቀዝቃዛ ነበር። ጌታ ይመስገን ተባለ። ኤፍራታ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ከሱቁ ማዶ ልጆች ተሰበሰቡ። ዘነበ በፍርግርጉ ቆጠራቸው፤ ሰባት ናቸው። ያንሾካሹካሉ፣ ሱቁን ያያሉ፣ እንደገና ያንሾካሹካሉ። ባለፈው ሳምንት ሌቦች ጣሪያውን ቀደው ገብተው ዘይትና ሲጋራ አራቁተውት ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ዘነበ ዓይኑን ከልጆቹ አልነቀለም።

በመጨረሻ አላስችል ሲለው ወጣ። ሲቀርባቸው አረንጓዴውን ሹራብ ለየው፤ የኤፍራታ ትምህርት ቤት ነው።

«ዛሬ ፈተና አይደለም እንዴ? እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«አሞናል» አለ ሲፖ የሚባለው ረጅሙ ልጅ። ሌሎቹ ሳቁ።

አንዲት ቀጭን ልጅ ወደ ሱቁ አንገቷን አሰገገች። «ኤፍራታን እየጠበቅን ነው። አብራን ትጫወት።»

«ኤፍራታ ቤት መሆኗን ማን ነገራችሁ?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ዘነበ ደሙ ፈላ። ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ሳይቀር አጥንተዋል! ግን ልጆች ናቸው፤ ሌባ ሆነው ሳይጨርሱ የሚመልሳቸው ሰው ቢያገኙ ይመለሱ ይሆናል። ፈተና የሸሸ ልጅ ነገ ቆርቆሮ ይቀድዳል ሲል አሰበና ሱቁን ለበለጥሽ ትቶ ሁሉንም ባኪ በሚሏት ፒክአፕ መኪናው ላይ ጫናቸው። የለስላሳውንም ሳጥን አብሮ ጫነ።

«ማይ ፍሬንድ፣ አያስገቡንም» አለ ሲፖ።

«ከእኔ ጋር ስትሆን ያስገቡሃል!»

በትምህርት ቤቱ በር ላይ የቆሙት ሽማግሌው ዘበኛ ባባ ሞሎይ ነበሩ።

«ሳዎቦና፣ ባባ» ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው ዘነበ፣ ሳጥኑን እያቀበላቸው። «ይህ ለማም ኖምሳ ነው። ስለ ልጄ አመስግኑልኝ። እነዚህን ደግሞ ፈተና ሸሽተው አግኝቻቸው ነው ያመጣሁት።»

ባባ ሞሎይ ሳጥኑን ተቀበሉ፤ በሩን ግን አልከፈቱም። ልጆቹን አንድ በአንድ አዩና መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

«እነዚህ ዛሬ አይገቡም።»

«እንዴት አይገቡም?»

«ውጤት ያወርዳሉ ተብሏል። እኔ የታዘዝኩትን ነው ልጄ።»

ዘነበ ዞሮ ልጆቹን አየ። አንዳቸውም አልሳቁም። ቀጭኗ ልጅ የሹራቧን እጅጌ ክር ትመዝ ነበር። በልቡ ሌባ ሲላቸው መቆየቱ አንገበገበው።

«ወላጆቻቸው ይህን ያውቃሉ?» ብሎ ጮኸ። «ሕፃን ልጅ እንደ ቆሻሻ ከእንግዳ ዓይን ይደበቃል? የእኔ ልጅ ብትሆን ይህን በር እሰብረው ነበር!»

«ቀስ በል፣ አስተማሪዎቹ ይሰማሉ» አሉ ባባ ሞሎይ። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ዘረጉና ልጆቹን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከዚያ ደግመው ቆጠሩ። «እዚህ የተጻፉት ስምንት ናቸው። አንዷን የት ጥለሃት መጣህ?»

ዘነበ ወረቀቱን ከእጃቸው ወስዶ እስከ ታች አነበበው፤ የመጨረሻው ሦስት ቀን ጾሞ ያወጣው ስም ነበር።