የወተቱ ናሙና

አርብ ዕለት የላብራቶሪ ባለሙያው ከሥራ የወጣው ተናዶ ነው። ከአንድ ሟች ሾፌር የተወሰደው ናሙና እንቅልፍ ነስቶታል። በስምንት ዓይነት መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ወረቀቶች ባክቴሪያው የሚያድግበት ሳህን ላይ ደርድሮ ነበር፤ የሚሠራ መድኃኒት ካለ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ክብ ይተዋል። አንድም ክብ የለም። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቶቹ ጠርዝ ድረስ ለምልሟል።

ባለሙያው ቁጥሩን ጽፎ ሳህኑ ላይ ለጠፈ፣ ጋዋኑን ሰቀለ፣ ጫማውን ቀየረ፣ እጁን እስከ ክርኑ ሁለት ጊዜ ታጠበ። ባልደረቦቹ «ይኼ ሰውዬ አንድ ቀን ጥላውንም አጥቦ ይወጣል» ይላሉ። ቢያሙትም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሰገራ ሲመረምር ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሆዱን ቆርጦት አያውቅም።

ቤት ሲደርስ የስምንት ዓመት ልጁ እንደ ልማዷ ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሰው ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላት፤ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ታርማለች። የእናቷን የገበያ ዝርዝር እንኳ አርማ ከአሥር ስድስት ሰጥታታለች።

«አባዬ፣ ዛሬ ስንት ገደልክ?»

«ዛሬስ እኔ ነኝ የተሸነፍኩት።»

«ለምን?»

«ጀርሙ ጉደኛ ነው። የጨጓራ አሲድ አይገድለውም። አንጀት መከላከያውን ሲረጭበት ደግሞ ብርድ እንደመታው ሰው ልብስ ይደራርባል። ጭራሽ መርዙን ማውጣት የሚጀምረው ያኔ ነው።»

«እንደ እማዬ ነዋ! ተይ ሲሏት ይብስባታል።»

እናትየው ጓዳ ሆና ሳቀች። እሱም ንዴቱን ረስቶ ሳቀ።

ሰኞ ጠዋት ሌላ ንዴት ጠበቀው። የሳህኖቹን ቁጥር የሚጽፍበት ቀይ እስክሪብቶ የለም። ተዋሽ ስለበዛበት ነጭ ፕላስተር ጠቅልሎ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ጽፎበት ነበር።

«ጆሮህ ላይ ፈልገው» አለችው የሥራ ባልደረባው። «እዚያ ሰክተኸው እኛን ታምሰናለህ።»

ጆሮው ላይ የለም። ወሳጁን ረግሞ በሰማያዊ ጻፈ።

ረቡዕ ከሰዓት የሰፈሩ ወተት ሻጭ ልጅቷን አዝላ ቤት መጣች። ቲቸር ከትምህርት ቤት ስትወጣ እናቷ ከሥራ እስክትመለስ የምትቆየው እዚህች ባልቴት ቤት ነው፤ ትኩስ ወተት ትጠጣለች፣ ትለፈልፋለች። ያን ቀን ግን ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተጠቅልላ ቀረች። ማታውኑ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያዛት፤ ሆስፒታል ገባች።

«ምን በልታ ነበር?» አለ ሐኪሙ።

«ኧረ አፏ ውስጥ የማትከተው ምን አለ!» አለች እናትየው እያለቀሰች። «የሹራቧን አንገት ሳይቀር ስታኝክ ነው የምትውለው።»

«ወተት» አለ አባትየው። «በየቀኑ እዚያች ሴትዮ ቤት ወተት ትጠጣለች።»

የልጁን ናሙና ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። ራሱ ዘራው፤ ስምንቱን ወረቀት ራሱ ደረደረ። በማግስቱ ክዳኑን ከፈተ። አንድም ክብ የለም። የሾፌሩን መዝገብ ገለጠ። ሾፌሩ የኖረው ከወተት ሻጯ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው።

የናሙና ጠርሙሶች ይዞ ወተት ሻጯ ቤት ሄደ።

«ልጄ፣ ቲቸር እንዴት አደረች?» አለች ባልቴቷ ከደጃፏ ተነስታ።

ከወተቱ ቀዳ፣ ባልዲውን በጥጥ ጠረገ፣ እጇን አስዘርግቶ ጣቶቿንም ጠረገ። ውጤቱ ንጹሕ ነው። ደግሞ ሄደ፤ ንጹሕ። ሦስተኛም ሄደ፤ ንጹሕ።

«ተዋት እንግዲህ» አለችው ባልደረባው።

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ዛሬ ንጹሕ ነው፤ የዚያን ቀን ወተት ማን አየው?»

ለጤና ቢሮ አመለከተ። በሯ በታሸገ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል። እስከዚያን ቀን «እርስዎ» ይላት የነበረው ሰው ጣቱን ቀሰረባት።

«አንቺ ነሽ! ልጄን የመረዝሽው አንቺ ነሽ!»

«እኔ?» አለች ባልቴቷ። «እኔ እሷን ከአብራኬ ልጅ ለይቼ አይቻት አላውቅም።»

ሆስፒታል አልጋ ላይ ልጅቷ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«አባዬ፣ ቦርሳዬን አምጣልኝ። እማማ ጋ ነው። ያላረምኩት አለ።»

«አመጣልሻለሁ።»

አላመጣላትም። ወደዚያ ቤት እግሩን አላነሳም። ዘጠነኛው መድኃኒት ከሌላ ከተማ እየመጣ ነው ተብሎ ነበር፤ መጣም። ቲቸር ግን ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እጇ በእጁ ውስጥ እንዳለ፣ አረፈች። እሱ ለረጅም ሰዓት እጇን አልለቀቀም። እናትየው ናት ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀችው።

በሦስተኛው ቀን ባልቴቷ መጣች። ቤቱን ከሞላው ለቀስተኛ ቁጭ በይ ያላት የለም። የልጅቷን ቦርሳ አቅፋለች።

«ያን ቀን እኔ ጋ ጥላው ነው» አለች። «ላመጣው ነበር፤ ፊትህን ፈራሁ። እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ።»

ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አኑራ ወጣች።

ሰው ሲበተን ከፈተው። ደብተሮቿ፣ የተላጠ እርሳስ፣ ግማሽ ብስኩት። አንዱ ደብተር ውስጥ በማያውቀው፣ በሚንቀጠቀጥ የትልቅ ሰው ጽሑፍ የፊደል ገበታ ተደርድሯል። ባልቴቷ ፊደል ስትቆጥር ኖሯል ለካ። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን በቀይ ምልክት ተደርጓል፤ ከገጹ ግርጌ «ጎበዝ እማማ፣ ዘጠኝ ከአሥር» ይላል።

እጁን ወደ ቦርሳው ታች ሰደደና ጫፉ በትንንሽ ጥርሶች የታኘከ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ፤ በተጠቀለለበት ነጭ ፕላስተር ላይ በራሱ እጅ ጽሑፍ «ከላብራቶሪ አይወጣም» ይላል።