ምሽጉን የሠራው ሰው

ሴቬሪኖ ቀኑን ሊሳሳት ይችላል፤ ቋጥኙ ሥር የቆዩት ሁለት ቀን ይሁን ሦስት፣ ዛሬም እርግጠኛ አይደለም። ወሩ ሰኔ እንደነበረና በዚያ አገር በጋ በሆነው በሰኔ፣ ተራራው ላይ በረዶ እንደጣለባቸው ግን አይጠራጠርም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጣሊያን ወታደሮች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ፈረንሳዮች ምሽግ ሲወጡ፣ ከእነሱ መካከል እነሴቬሪኖ ሠላሳ አንድ ሆነው አንድ ቋጥኝ ሥር ተሸጎጡ። ከበላያቸው የኮንክሪቱ ግንብ መድፉን አነጣጥሯል።

መቶ አለቃው አሁኑኑ እንውጣ አለ። ያኔ ፈረንሳይ አገር ስድስት ዓመት ሠርቶ የተመለሰው ዴልፊኖ ተነሣ።

«ይህን ምሽግ ከገነቡት አንዱ ነኝ፣ ጌታዬ። መድፉ እዚህ አይደርስብንም። ከዚህ ከወጣን ግን ከወፍራም ጉም በቀር የሚሸፍነን የለም።»

መቶ አለቃው አሰበና፣ እንጠብቅ አለ። በስተግራ ያለው ጓድ ሳይጠብቅ ወጣ። አንድም ሰው አልተመለሰም።

ጉም መጣ። ዴልፊኖ ስስ ነው አለ። ደግሞ መጣ። ቶሎ ይገፈፋል አለ። የሁለት ሰዎች የእግር ጣት ከብርዱ የተነሣ ጠቆረ። ሃምሳ አለቃ ጋስታልዲ፣ «የዴልፊኖ ሚስት ፈረንሳዊት ናት፤ አቆይቶ ሊያስማርከን ነው» እያለ ያጉረመርም ጀመር።

የዴልፊኖም አኳኋን አያምርም። ሾርባ ከኋላ ሲደርስ አራት ሳህን በአንድ ክንዱ ደርድሮ፣ በረዶ በሸፈነው ጠባብ ጠርዝ ላይ ጠብታ ሳያፈስ ያድላል። ሌላው እስኪበላ ቆሞ ይጠብቃል። ነጭ ጨርቅ ከክንዱ አይለይም።

«ምልክት ሊሰጥበት ነው» አለ ጋስታልዲ በሴቬሪኖ ጆሮ። «ካውለበለበው ተኩስ።»

«ሊናፈጥበት ቢሆንስ?»

«ያኔም ተኩስ።»

ሴቬሪኖ ጠመንጃውን አቀባብሎ ዓይኑን ጨርቁ ላይ ተከለ።

«ዓይንህ ጀርባዬን በሳው እኮ፣ ወንድሜ» አለው ዴልፊኖ ሳይዞር። «ይልቅ ሾርባህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።»

ሦስተኛው ጉም እጅን እንኳ የማያሳይ ነበር። መቶ አለቃው ቆመ።

«ይኼስ?»

ዴልፊኖ ጨርቁን ከክንዱ አነሣ። የሴቬሪኖ ጣት ቃታው ላይ አረፈ። ዴልፊኖ ጨርቁን በጥንቃቄ አጣጠፈው።

«ይኼም አይበቃም፣ ጌታዬ።»

መቶ አለቃው ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጠዋት ተኩስ አቁም መፈረሙ ተነገረ። ሠላሳ አንዱም በእግራቸው ወረዱ።

ከጦርነቱ በኋላ ሴቬሪኖ ድንበር ማዶ ሄዶ አጣራ፤ ዴልፊኖ በእነዚያ ስድስት ዓመታት አንድም ድንጋይ አላነሣም፣ የአንድ ባቡር ጣቢያ ሆቴል አስተናጋጅ ነበር።